ባለ ሁለት ጉሮሮው ማርሚታ

ዛሬ ጠዋት ጉርድ ሾላ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ አንድ መኪና ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ጧ ጧ እያለ ሽቅብ ወጣ። ካለፈ በኋላ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ትቶ ሄደ። የጎረቤቴ ልጅ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ «አባባ፣ ሰሙልኝ? ማርሚታውን ከዱባይ ነው ያስመጣው» አለኝ፣ የገዛ ወንድሙ የተመረቀ ያህል ደስ ብሎት። ሰምቼዋለሁ። ማርሚታ የጭሱን ጩኸት የሚያፍን ዕቃ ነው፤ የእሱ ግን ድምፅ አይደለም፣ ሳል ነው። ቤንዚኑ ሞተሩ ውስጥ ነድዶ ሳያልቅ እየወጣ የጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ ይፈነዳል። ይህን ለማወቅ ኮፈን መክፈት አላስፈለገኝም፤ ከወንበሬም አልተነሳሁም።

ሽታው ግን አልለቀቀኝም። አፍንጫዬን ይዞ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ወሰደኝ፣ የወጣትነቴ ጋራዥ ድረስ። ጊዜ ካለህ ልንገርህ። ከሌለህም ብትቆይ ይሻልሃል፤ ይህን ከእኔ በቀር በትክክል የሚነግርህ ሰው የለም።

እኔን ማንም አላስተማረኝም። የቴክኒክ ትምህርት ቤት በር ላይ እንኳን ቆሜ አላውቅም። ብየዳ የለመድኩት አንድ በያጅ ሲሠራ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ነው፤ ዓይኔ ቀልቶ እናቴ የተከተፈ ድንች ስታስርልኝ ሰንብታለች። ዓይኔ ሲድን ሙያውን ይዤ ተነሳሁ። ከዚያ ከዳቦ ቤት ጀርባ በላሜራ የተከለለች ጋራዥ ከፈትኩ። ጋራዥ የሚሏት ደንበኞቼ ነበሩ፤ ጣሪያ የነበራት ግማሿ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የዳቦው ሽታና የብየዳው ጭስ ይደባለቁ ነበር። እስከ ዛሬ ትኩስ ዳቦ ስቆርስ የጋለ ብረት ይሸተኛል።

ቤንዚን በኩፖን የነበረበት ዘመን ነው። መኪና ያለው ሰው ጥቂት፣ መንገዱም ጭር ያለ ነበር። መኪና ሲያልፍ ሰፈሩ ከድምፁ የማን እንደሆነ ያውቃል። ምን እንዳመመው የማውቀው ግን እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ ጃፓን ሠራሽ ስፖርት መኪና ይዞ መጣ። ወደ አገሩ ከተመለሰ የውጭ አገር ሰው የገዛት ናት። ሁለት በር ያላት፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለች፣ ኮፈኗ ረዝሞ ረዝሞ የማያልቅ፣ ለመሬት የቀረበች። ሰፈሩ ሽንጣሟ ይላት ነበር። እንዲህ ያለች መኪና በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አልነበረችም፤ እኔ ጋ መምጣቷም አልገረመኝም። ከጃፓን ይዛው የመጣችው ማርሚታ በስብሶ ወድቆ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ባለሙያ የጭነት መኪና ማርሚታ ገጥሞላት ነበር። ቆንጆ ሴት የወታደር ጫማ እንዳጠለቀች ቁጠረው። ሞተሩን ሲያስነሳ የዳቦ ቤቱ ሰዎች ወፍጮ የተተከለ መስሏቸው እየሮጡ ወጡ።

«ዝም አሰኝልኝ» አለኝ።

«ምን ያህል?»

«ድመት አድርግልኝ።»

ምክንያቱን እስኪነግረኝ ድረስ አልነካትም አልኩት፤ እኔ በጭፍን አልሠራም። ነገረኝ። ቦሌ፣ ዛሬ ሩዋንዳ በምንለው ሰፈር አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈው፣ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጁ ይህችን ልጅ ወዶ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ዳኛው ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀበሏቸው፣ በወጉ አዳመጧቸው፤ ከዚያ «ልጁን አላውቀውም። ጩኸቱን ግን አውቀዋለሁ። ልጄን ለጩኸት አልድርም» ብለው በወጉ ሸኟቸው።

በመጀመሪያው ቀን እምቢ መባል ነውር የለውም። እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስላል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሊሄዱ እሁድ ቆርጠዋል።

«አሁንም እምቢ ካሉ ለሦስተኛ የሚሄድልኝ የለም» አለኝ ልጁ። «አጎቴ ከወዲሁ ጉልበቴን አመመኝ እያለ ነው።»

«በቃ ድመት ትሆናለች።»

ደስ ብሎት ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። ጆሮውን ያክ ጀመር።

«ግን…»

«ግን ምን?»

«እዚህ ማዞሪያው ላይ ካፌው በር ጓደኞቼ ይቀመጣሉ።»

«እና?»

«ድመት ይዞ መጣ እንዳይሉኝ።»

ሌላ በያጅ ቢሆን አንዱን ምረጥ ብሎ ያሰናብተው ነበር። እኔ ግን ሌላ በያጅ አይደለሁም። ያን ምሽት ጣሪያ በሌለው የጋራዡ ክፍል ተቀምጬ ሳስብ ቆየሁና ነገሩ መጣልኝ። አንድ መኪና፣ ሁለት ጉሮሮ።

በማግስቱ ምናለሽ ተራ ወርጄ የተጣለ የእሳት ማጥፊያ ገዛሁ። ቀዩ ቆርቆሮ ሆዱ ተከፍቶ ማርሚታ ሆነ። ውስጡ ዙሪያውን የተበሳሳ ቱቦ አሳለፍኩ፣ ዙሪያውን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቀጠቅሁ። የሰፈሩን ሱቆች ሽቦ ሁሉ ገዝቼ ስለጨረስኩ ሴቶቹ ድስታቸውን በአመድ ሲፈትጉና ስሜን ሲያነሱ ከረሙ። ይህ አንዱ ጉሮሮ ነው፤ ጭሱ በዚህ ሲሄድ ድምፁ እዚያው ሽቦው ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ጉሮሮ ምንም ያልተገጠመለት ባዶ ቱቦ ነው፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣ። በባዶው ቱቦ አፍ ላይ ከሞተ ካርቡራቶር ያወጣሁትን ክዳን ገጠምኩ፣ ክዳኑን በብስክሌት ፍሬን ገመድ አሰርኩ፣ ገመዱን ከሾፌሩ ጎን አውጥቼ ጫፉ ላይ የመሳቢያ እጀታ አደረግሁለት። እጀታውን ስትስበው ድመት፣ ስትገፋው አንበሳ።

የአንበሳው ድምፅ በቀላሉ የተገኘ እንዳይመስልህ። ቱቦው ሲያጥር ይንጫጫል፣ ሲረዝም ያጉረመርማል። እየቆረጥኩ፣ እየቀጠልኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እያዳመጥኩ ስሠራ ዋልኩ፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሊጡ እየወረደብኝ ነው ብሎ እስኪለምነኝ ድረስ። መጨረሻ ላይ አንድ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ወጣ። ያን ጊዜ መፍቻዬን አስቀመጥኩ። ያን ድምፅ ዳግመኛ ከማንም መኪና ሰምቼው አላውቅም። በቅርቡ አንድ ወጣት በስልኩ እንዳሳየኝ፣ አዳዲሶቹ ውድ መኪኖች ቁልፍ ሲጫኑ ድምፃቸው የሚጨምርና የሚቀንስ ማርሚታ ከፋብሪካ ይዘው ይወጣሉ አሉ። ማን እንደቀደመ እኔ አልናገርም። አንተው ፍረድ።

እሁድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹን ሊያደርስ የነበረው ታክሲ ኩፖኑ አልቆበት ቀረ። ባለጉዳዩ ራሱ ሽማግሌ ጭኖ የልጅቷ ደጅ ላይ አይቆምም፤ ስለዚህ የሽንጣሟን መሪ እኔ ያዝኩ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፦ የልጁ አጎት፣ የነፍስ አባቱ ቄስ፣ እና የወሎ ሰው የሆኑ ወፍራም ሐጂ፣ የአጎትየው የረጅም ጊዜ ጎረቤት። መኪናዋ ከፊት ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ከኋላ ያለው ወንበር ጃፓኖች ለምን እንደሠሩት አላውቅም፣ ምናልባት ለዕቃ ይሆናል። ቄሱንና አጎትየውን እዚያ አስገባናቸው።

«አባ፣ ጥምጥምዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ጥምጥም ዝቅ አይልም። ጣሪያውን ከፍ አድርገው።»

ሐጂው ከፊት ሲቀመጡ መኪናዋ ወደ እሳቸው ጎን ዘመመች። ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ።

«ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ የሬሳ ሣጥን?»

«ሐጂ፣ ለጋብቻ ነው እኮ የምንሄደው» አሉ አጎትየው ከኋላ፣ በታፈነ ድምፅ።

የቄሱን ጃንጥላ በመስኮት አውጥተን ተነሳን። ካፌው በር ላይ ስንደርስ ለልጁ ስል እጀታውን ገፋሁለት፤ ጓደኞቹ ከነብርጭቋቸው ብድግ አሉ። ወደ ቦሌ ስንቃረብ ሳብኩት። ወዲያው ጸጥ አለ። የጎማው የጠጠር ድምፅ፣ የዛፍ ላይ ወፍ፣ ከኋላ የአጎትየው ትንፋሽ ሁሉ ይሰማል።

«ጠፋ እንዴ?» አሉ ሐጂው።

«ሐጂ፣ እየሄድን እኮ ነው።»

«መሄዳችንማ ይታየኛል» አሉ፣ ግን አላመኑም፤ በሩን ይዘው እስክንደርስ ድረስ የሆነ ነገር ያነበንቡ ነበር።

የዳኛው በር ገርበብ ብሏል። ዘበኛው የለም። ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አስተካክለው ሲገቡ እኔ በሩ ጋ ቆሜ አየሁ። ዳኛው በረንዳ ላይ ናቸው፤ በካናቴራና በቁምጣ፣ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረው ጋዜጣ ያነባሉ። ቀና ሲሉ ሦስት ሽማግሌ ተሰልፎ ቆሟል።

ቄሱ ቀድመው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ዳኛው እርጥብ እግራቸውን እያንቦጫረቁ ገቡ። ሲመለሱ ኮት ለብሰዋል፣ ክራቫት አስረዋል። ከታች ግን አሁንም ቁምጣ ናቸው፤ ድንጋጤው ሱሪውን አስረስቷቸዋል።

«በምን መጣችሁ?» አሉ።

«በመኪና» አሉ አጎትየው።

«መኪና አልሰማሁም። ይህ መንገድ ላይ ማንኛውም መኪና መታጠፊያው ጋ ማርሽ ሲቀይር ይሰማኛል። እሱን ስሰማ እለብሳለሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ማን ነው ያመጣችሁ?»

ተጠራሁ። ከሳፋው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ዳኛው በተከፈተው በር ሽንጣሟን አሻግረው አዩ። ይህን ጥያቄ ከተወለድኩ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩ ይመስለኛል።

«ያቺን ባለጩኸት መኪና ዝም ያሰኘሃት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ብቻዬን።»

«ብቻህን።»

«ማንም አልረዳኝም።»

«ጥሩ። ጥፋተኛው አንድ ነው ማለት ነው።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ጩኸቷን ጠልቻት ነበር» አሉ። «ይህ ሳምንት ግን አስተማረኝ። ያቺ መኪና ስትጮህ ልጄ መቼ እንደወጣች፣ መቼ እንደተመለሰች አውቅ ነበር። የመመለሻዋን ድምፅ ስሰማ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። በዚህ ሳምንት መኪና አልመጣም፣ ልጄ ክፍሏ ናት ብዬ ራት ብዪ ልላት ሳንኳኳ የለችም። አባ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። እየጮኸ የሚመጣ ሰው ቢያንስ አይደበቅም። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ድምፁን አጥፍቶ ለሚወስዳት ሰው ነው የምሰጣት?»

ቄሱ ጣሪያውን አዩ። አጎትየው ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። ሐጂው ወደ እኔ ዞረው ያዩኝ አስተያየት ትዝ ሲለኝ እስካሁን ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። በእኔ ጥበብ ምክንያት የልጁ ትዳር እዚያ በረንዳ ላይ ሊቀር ነው።

እኔ ግን ሥራዬን የማውቅ ሰው ነኝ። «ጌታዬ» አልኳቸው፣ «ድምፁ አልጠፋም። አለ። ተቀምጧል።»

«የት ነው የተቀመጠው?»

«ይምጡ ላሳይዎት።»

በቁምጣቸውና በክራቫታቸው መንገድ ላይ ወጡ። መኪናዋ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። መቼም ዳኛ ናቸው፣ ምስክር ሲያዩ መመርመር ይወዳሉ፤ እጀታውን አገላብጠው አዩት፣ ገመዱን በዓይናቸው ተከተሉት። ሞተሩን አስነሳሁላቸው፤ ጸጥ እንዳለ ነው። «አሁን እጀታውን ይግፉት፣ ነዳጅም ትንሽ ይስጡት» አልኳቸው። እሳቸው ትንሽ የሚባል ነገር አያውቁም። እስከ መጨረሻው ረገጡት።

ሽንጣሟ ተከፈተች። ውሾች ከየግቢው ተነሱ፤ የጎረቤት ሰዎች በአጥር ላይ አንገታቸውን አወጡ። ሐጂው ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በዚያ መሃል ልጅቷ ከጓሮ በኩል እየሮጠች መጣች። ፀጉሯን ስትታጠብ ነበር፤ የሳሙናው አረፋ ጆሮዋ ላይ አለ፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። ሽማግሌ መጥቶ እያለ ልጅቷ ደጅ አትታይም፤ እሷ ግን መምጣታቸውን በምን ትወቅ? እኛን አላየችንም። በቀጥታ መኪናዋ መስኮት ጋ ሄዳ ጎንበስ አለችና እየሳቀች «አንተ፣ ዛሬ እንዳትመጣ አላልኩህም?» አለች።

«እኔ ነኝ» አሉ ዳኛው።

ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። አረፋው በአንገቷ ሲወርድ ይታየኛል። ዳኛው ሞተሩን አጠፉና ቁልቁል አንድ እግሯን፣ ባዶውን፣ ለረጅም ጊዜ አዩ። ያቺ ልጅ ለማንም እንደዚያ ሮጣ አይተዋት የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል» አሏት ቀስ ብለው። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ «ለወጉ ሌላ ቀን ትመለሳላችሁ» አሏቸው። «እምቢ አልልም። ስትመጡ ግን ከመታጠፊያው ጀምሮ ልስማችሁ። እሱም ልጄን ይዞ ሲወጣም ሲመልስም፣ ካገባትም በኋላ ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ ልስማቸው። አንተ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያችን ክዳን እንደተከፈተች በይዳት።»

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ በእግራቸው ሄዱ። ሐጂው «በእግር መሄድ ለጤና ነው» አሉኝ።

ክዳኗን በየድኳት። ከሠራሁት ሁሉ የላቀውን ነገር በገዛ እጄ ዘጋሁት ማለት ነው፤ በትክክል ለመናገር ከፈትኩት። ሰርጉ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ እሁድ እሁድ ወደ ቦሌ ሲሄዱ የጋራዤ ላሜራ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም ሥራዬን አቁሜ ለሚሰማኝ ሁሉ «የእኔ ናት» እል ነበር። ለማይሰማኝም።

ጊዜው ሄደ። አሁን በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል፤ ማርሚታ የላቸውም አሉ። ባለፈው አንዱ ቆሞ ሳገኘው ከኋላው ጎንበስ ብዬ ፈለግሁለት። ሾፌሩ ወርዶ «አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ።

ይህ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት ዳኛው እያረጁ ሄዱ፤ ጆሯቸው ደከመ። አንድ ቀን ልጃቸው ሽንጣሟን ራሷ እየነዳች ጋራዤ መጣች። ፀጉሯ መሸበት ጀምሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ድምፁን ጨምርልኝ» አለችኝ።

«ምን ያህል?»

«አባዬ እስኪሰማ። ባለፈው በሩ ላይ ስናስጮህ ቆይተን አልሰማንም። ገብቼ ትከሻውን ስነካው ደነገጠ፤ ማን እንደሆንኩ እስኪያውቅ ድረስ ፈራኝ።»

ያለኝን ሁሉ አደረግሁ። ቀዩን ቆርቆሮ አውጥቼ ጣልኩ፣ ቱቦዎቹን ሁለቱንም ባዶ አደረግኋቸው። ከዚህ በላይ ከሞተር ድምፅ አይወጣም፤ እኔ የለም ካልኩ የለም። አብሬያት ሄድኩ። አጥሩ ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ስለሆነ ዳኛው ከመስኮቱ ጀርባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይታዩ ነበር። ፊታቸው ወደ አትክልቱ ነው። ልጅቷ ነዳጁን ረገጠችው። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ዳኛው አልዞሩም። ደግማ ረገጠችው፤ እንባዋ መጣ።

ያኔ ዳኛው እጃቸውን አነሱ። ቀስ ብለው መዳፋቸውን መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፉት። የመስታወቱን መንቀጥቀጥ ዳሰሱ። ሌላውን እጃቸውንም ጨመሩበት፤ በሁለት መዳፋቸው መስታወቱን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳሉ በዚያ ጩኸት ውስጥ እኔ አልሰማሁም፤ ዘበኛው ግን ከቤት ወጥቶ በሩን ሊከፍትልን ሲመጣ አየሁ።

ልጅቷ ሞተሩን ልታጠፋ እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች። ያዝኳት።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳት።